ፊደል የሌለው አዎ

፩

የስድስተኛ ሳምንት የግምገማ ቅጽ

የተገምጋሚ ስም፦ ሲልቬስትር ንዳያምባጄ
የሚያስተምሩት፦ ሒሳብ
አገልግሎት፦ 27 ዓመት
በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ፦ አዎ፣ በሚገባ
ሲነገራቸው ይረዳሉ፦ አዎ
ሳያቋርጡ ያነባሉ፦ አያነቡም። በየሦስት ቃሉ ይቆማሉ።
ክፍል በእንግሊዝኛ መምራት ይችላሉ፦ አሁን ባሉበት ሁኔታ አይችሉም።
የገምጋሚ ስምና ፊርማ፦ እማዋይሽ ካሳሁን

፪

ቅጹን መጀመሪያ ያስቀመጥኩት ጥፋቱን አስቀድሜ ላሳያችሁ ብዬ ነው። ተረት የሚያሳምሩ ሰዎች ጥፋትን መሃል ላይ ደብቀው ድንገት ማውጣት ይወዳሉ። እኔ ግን እማዋይሽን ስለምወዳት ጥፋቷን ከፊት ተናግሬ ልገላገል፤ ከዚያ በኋላ እያደነቅኳት ብቀጥል ማንም አይታዘበኝም።

እማዋይሽ ፍኖተ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘጠኝ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምራለች። ሩዋንዳ ውስጥ፣ ከሁዬ ከተማ ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ሊዞር አስተማሪ ሲፈልግ አመለከተች። ወንበሩን የምታገኘው ግን በሙከራ ነው፤ ሦስት ወር። በሦስተኛው ወር መጨረሻ የትምህርት ቤቱ ቦርድ ተሰብስቦ ትቆይ ወይም ትሂድ ይላል።

በዚያው ቀን፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ የመምህር ሲልቬስትርም ጉዳይ ይታያል። እሳቸውም ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ይቆያሉ ወይም ይነሣሉ። እንግዲህ ከዚህ በታች የምቆጥራቸው ቁጥሮች በሙሉ ወደዚያ ጠረጴዛ የሚወስዱ ደረጃዎች ናቸው።

፫

ሁዬ የገባችው ዓርብ አመሻሹ ላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከእንግዳ ማረፊያው ስትወጣ አስፋልቱ ላይ አንድ መኪና የለም። ሱቅ ሁሉ ተዘግቷል። ሞተር ብስክሌት እንኳ የለም።

የእኛ ሀገር ሰው እንዲህ ያለ ጎዳና ሲያይ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ተመልሳ ገባች፤ በሩን ቆለፈች፤ ፓስፖርቷን ደረቷ ውስጥ ከተተች፤ ቁጭ አለች። «ገና በመጀመሪያው ቀን!» አለች።

ቆይቶ የሰው ጫጫታና ሳቅ ሰማች። በመስኮት አጮልቃ ስታይ የሠፈሩ ሰው በሙሉ ዶማና አካፋ ይዞ የመንገዱን ዳር ቦይ ይጠርጋል። ነጋዴው አለ፣ ፖሊሱ አለ፣ ልጁ አለ። በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ሀገሬው ሁሉ ሥራውን ዘግቶ መንደሩን እንደሚያጸዳ ያወቀችው በኋላ ነው። ከመሃላቸው አንድ ረጅም፣ ሽበታም ሽማግሌ ክራቫታቸው ጭቃ እንዳይነካው ጫፉን ሸሚዛቸው ውስጥ ሸጉጠው ይቆፍራሉ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ቦይ ውስጥ፣ በክራቫት። ቀና ሲሉ መስኮቱ ላይ አዩዋት። ትርፍ የነበረውን ዶማ አነሡና እጀታውን ወደ እሷ አዞሩት።

መምህር ሲልቬስትር ንዳያምባጄ እኚህ ናቸው። እማዋይሽም ፓስፖርቷ ደረቷ ውስጥ እንዳለ እስከ ጠዋቱ አምስት ሰዓት ቦይ ስትጠርግ ዋለች። ላብ የነካው ገጽ እስከ ዛሬ እንደተጨማደደ ነው።

፬

በመጀመሪያው ሳምንት የተሳሳተቻቸው

ሀ) ወንድና ሴት። ተማሪዎቹ ሁሉ ጸጉራቸውን ተላጭተዋል፤ ልብሳቸውም አንድ ነው። ዲቪን የምትባለውን የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሁለት ቀን ሙሉ «ጎበዝ ወንድ ልጅ!» እያለች ስታሞግሳት ከረመች። በሦስተኛው ቀን ዲቪን ብድግ አለችና «ቲቸር፣ ሴት ልጅም ጎበዝ ናት» አለቻት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ለ) ሰዓት። «ውጭ ሀገር ስድስት ቀንሺ፣ ስድስት ደምሪ» ብለው አስፈራርተዋት ነበር የወጣችው። ልጆቹን በቋንቋቸው ሲቆጥሩ ብትሰማቸው፣ የመጀመሪያው ደወል የሚደወለው ለእነሱም ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ልክ እንደኛ ከንጋት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት። ደስ ከማለቷ የተነሣ ሰዓቷን ሳመችው።

ሐ) ስም። «ሚስ ካሳሁን» እያሉ በአባቷ ስም ሊጠሯት ነው ብላ ተዘጋጅታ ሄደች። ርዕሰ መምህርቷ ፓስፖርቱን አይታ «ካሳሁን አባትሽ ነው አይደል? ያንቺን ስም ንገሪን» አለቻት። እዚያም አባትና ልጅ ስም አይጋሩም። እማዋይሽ ቤቷ የገባች መሰላት።

መ) ምሳ። ቦሎቄ። በማግስቱም ቦሎቄ። ረቡዕና ዓርብ ጿሚ ነኝ ብላ ለማስረዳት ያዘጋጀችው ንግግር ሳይነገር ቀረ።

ሠ) አምስተኛውን ስህተት አላወቀችውም። በየቀኑ ትሠራው ነበር።

፭

ርዕሰ መምህርቷ ማዳም ኮንሶላታ ትባላለች። አጭር ናት፣ ስትራመድ ትሮጣለች፣ የቁልፍ ክምሯ ከሷ ቀድሞ ይሰማል። እማዋይሽን ቢሮ ጠርታ በሩን ዘጋች።

«መምህር ሲልቬስትርን ተዋውቃችኋል?»

«ቦይ ስንጠርግ አብረን ነበርን።»

«እኔን ሒሳብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እዚህ ኮረብታ ላይ መደመር የሚችል ሰው ካገኘሽ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ቦርዱ ግን ከመጪው ዓመት ጀምሮ ሒሳብም በእንግሊዝኛ ብቻ ነው ብሏል። ካልቻሉ ክፍላቸውን አስረክበው ዕቃ ግምጃ ቤት ይመደባሉ።»

«ምን ሊሠሩ?»

«ጠመኔና ወንበር ሊቆጥሩ።»

ማዳም ኮንሶላታ መስኮቱን አየች። «በየቀኑ አንድ ሰዓት አስተምሪያቸው። በስድስተኛው ሳምንት ሪፖርት ትጽፊያለሽ። በሦስተኛው ወር ቦርዱ ፊት በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ። እባክሽ ሪፖርቱ ትክክል ይሁን። ለማንም አታድዪ። አንቺንም የሚመዝኑሽ በሱ ነው፤ የተሳሳተ ሪፖርት የጻፈ ሰው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለተኛ አይጽፍም።»

፮

እማዋይሽ የሽማግሌውን ክፍል ሄጄ ልይ አለች። ከኋላ ቁጭ አለች።

መምህር ሲልቬስትር ክፍል የገቡት አንድ ኩባያ፣ አንድ የጀሪካን ክዳን፣ አንድ ባልዲና አንድ የቆርቆሮ በርሜል አስይዘው ነው። ለእያንዳንዱ ቡድን ክር ሰጡ። የየዕቃውን አፍ ስፋት በክር ለኩ፤ ከዚያ ያንኑ ክር ዙሪያውን ጠቅልሉት አሉ። ኩባያው ላይ ሦስት ጊዜ ሄዶ ትንሽ ቀረ። ክዳኑ ላይ ሦስት ጊዜ ሄዶ ትንሽ ቀረ። ባልዲው ላይም። ወደ በርሜሉ ሲደረስ ልጆቹ ተንጫጩ፤ ገሚሱ «ትልቅ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይሄዳል» አለ። ጠቀለሉት።

ሦስት ጊዜ ሄደ። ትንሽ ቀረ።

ሽማግሌው ያቺን የቀረችውን ትንሽ ቦታ በጣታቸው ነክተው ልጆቹን አዩ፤ ልጆቹም እሳቸውን አዩ። እማዋይሽ ፈረንሳይኛ አታውቅም፤ ግን በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ክብ ምን እንደሆነ ገባት። ዘጠኝ ዓመት ያስተማረች ሴት ናት፤ ጥሩ አስተማሪ ስታይ ታውቃለች። እንዲህ ያለ ሰው ጠመኔ ሊቆጥር አይገባም አለች በልቧ፤ አናደዳትም።

፯

ትምህርት

(የሚማሩት በሽማግሌው ክፍል ውስጥ ነው፤ ልጆቹ በመስኮት ያያሉ። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነበር። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ አንቱታውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሰውየውን ብታዩአቸው እናንተም ትጨምሩ ነበር።)

ሲልቬስትር፦ ወንዙ ከተራራው ሥር…
እማዋይሽ፦ (          )*
ሲልቬስትር፦ …
እማዋይሽ፦ ይቀጥሉ እንጂ።
ሲልቬስትር፦ ከተራራው… ሥር?
እማዋይሽ፦ (          )
ሲልቬስትር፦ ይቅርታ። ወንዙ። ከተራራው። ሥር።
እማዋይሽ፦ (          )
ሲልቬስትር፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

* ይህ ባዶ ቦታ ባዶ አይደለም። ሰው እያወራን «አዎ፣ ገባኝ፣ ቀጥል» ስንል ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ የምናደርጋት አለች አይደል? እሷ ናት። የሚጽፋት ፊደል የለንም፤ ፊደላችን ሁሉ የሚነገረው ወደ ውጭ ነው። አሁን ይህን ስታነቡ አድርጋችኋት ይሆናል። አጠገባችሁ ሌላ ሀገር ሰው ካለ ዞር ብላችሁ እዩት፤ ደንግጦ ይሆናል።

፰

ትምህርት

ሲልቬስትር፦ ገበሬው በማለዳ ተነሥቶ…
እማዋይሽ፦ (          )
ሲልቬስትር፦ ይቅርታ።

፱

ትምህርት

ሲልቬስትር፦ አንድ ቀን…
እማዋይሽ፦ (          )



ቆሙ።

፲

በአራተኛው ሳምንት የመማሪያ መጽሐፉ ምዕራፍ አራት ላይ ደረሱ። ርዕሱ «የእኔ ቤተሰብ» ነው። ስንት ወንድም አለዎት? ስንት እኅት? የት ይኖራሉ?

ሽማግሌው መጽሐፉን ወሰዱ፤ ገጾቹን አንድ በአንድ ሳይሆን በአንድነት ይዘው ገለበጡና ምዕራፍ አምስት ላይ ዘረጉት። «ከዚህ ብንጀምርስ?» አሉ።

እማዋይሽ በየትኛው ሀገር፣ የትኛውን እልቂት ካየ ሽማግሌ ጋር እንደተቀመጠች ያን ጊዜ አስታወሰች። ከዚያ ጀመሩ። ምዕራፍ አምስት ስለ አየር ጠባይ ነው።



፲፩

በስድስተኛው ሳምንት ቅጹን ለመሙላት ተቀመጠች። ሳታዳላ ጻፊ ተብላለች። ሳታዳላ ማለት ያየችውን መጻፍ ነው፤ ያየችው ደግሞ የሚቆም ሰው ነው። እኚህ በርሜል በክር ጠቅልለው ክፍል የሚያስደምሙ ሰው አንድ አንቀጽ አንብበው አይጨርሱም። ፈርተው ይሆን? ዕድሜ ይሆን? «አይችሉም» የሚለውን ቃል ጽፋ ፈረመችና ራሷን አመማት። ማዳም ኮንሶላታ ቅጹን አንብባ ለቦርዱ ሊቀ መንበር ላከችው።

እውነቱን ልንገራችሁ? እኔም ብሆን ያንኑ እጽፍ ነበር። እናንተም።

፲፪

በማግስቱ የዕረፍት ሰዓት ላይ እማዋይሽ በመስኮት ስትመለከት ልጆቹ ይጫወታሉ። ዲቪን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ሌሎቹ ይሮጣሉ። በየመሃሉ ዲቪን ደረቷን ነፋ አድርጋ ትንፋሿን ሳብ ታደርጋለች። ሳብ ስታደርግ ሁሉም ባለበት ይገተራል፤ አንዱ እግሩን እንዳነሣ፣ አንዷ እጇን እንደዘረጋች። የተነቃነቀ ይወጣል።

ደስ የሚል ጨዋታ ነው አለች። ወጥታ ጠየቀቻት።

«ዲቪን፣ ይህ ጨዋታ ምን ይባላል?»

ዲቪን ሳቋ አመለጣት። «ቲቸር ይባላል፣ ቲቸር።»

«ማን አስተማራችሁ?»

«መምህር ሲልቬስትር። ማለት… ሒሳብ ክፍል ውስጥ እንደዚህ ያደርጋሉ። ያን ጊዜ ቆም ነው። ቆም ብለህ ሥራህን ድጋሚ እይ ማለት ነው።»

ደወሉ ተደወለ። እማዋይሽ የሽማግሌ ነገር ብላ ፈገግ አለች። አልገባትም። ጎበዝ ሰውም ሁሉ ነገር ቶሎ አይገባውም።

፲፫

በምሳ ሰዓት፣ ከፍኖተ ሰላም የተደወለ ስልክ። ታላቅ እኅቷ ናት።

እማዋይሽ፦ እትዬ ስንዱ! ደህና ነሽልኝ? ልጆቹስ ደህና ናቸው?
ስንዱ፦ (          )
እማዋይሽ፦ እማማስ? ወገቧ ተሻላት?
ስንዱ፦ (          )
እማዋይሽ፦ እትዬ?
ስንዱ፦ ወዬ።
እማዋይሽ፦ ምን አልሽ አሁን?
ስንዱ፦ ምን አልኩ? ተሻላት ወይ አልሽኝ፣ አዎ አልኩሽ!
እማዋይሽ፦ እስቲ ድገሚልኝ።
ስንዱ፦ ምኑን?
እማዋይሽ፦ አዎውን።
ስንዱ፦ (          )። አንቺ ልጅ፣ ደህና ነሽ? እዚያ ወባ አለ አሉ። እማዋይሽ? ኧረ ስሚ! ምን ያስለቅስሻል?

፲፬

እማዋይሽ፦ እኔ ነኝ።

፲፭

ስድስት ሳምንት ሙሉ «አዎ፣ ይቀጥሉ» ባለች ቁጥር ሽማግሌው ቆመዋል። ባበረታታቻቸው ቁጥር ይቅርታ ጠይቀዋታል። ከዚያም በየሦስት ቃሉ ይቆማሉ ብላ ጽፋ ፈርማባቸዋለች። አፈረች፤ ጆሮዋ እስኪግል ድረስ አፈረች።

ክፍላቸው ደጃፍ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘቻቸው። ፈተና ያርማሉ።

«መምህር፣ ሲያነቡ ለምንድነው የሚቆሙት?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ስሳሳት እያስታወሱኝ እንዴት ልለፈው?»

«መቼ ነው ያስታወስኩዎ?»

ሽማግሌው በጨዋነት፣ የሰው ነገር እንደሚደግም ሰው እየተሳቀቁ፣ ትንፋሻቸውን ቀስ አድርገው ሳብ አደረጉ።

«መምህር፣ እሱ በኛ ሀገር አዎ ማለት ነው።»

«አዎ?»

«አዎ። ልክ ነው፣ ቀጥል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«እንግዲያው ስድስት ሳምንት ሙሉ ልክ ነበርኩ ማለት ነው» አሉ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እማዋይሽ አለቀሱ ብላ ክው አለች። እየሳቁ ነበር፤ ድምፅ ሳያወጡ፣ የተማሪ ወረቀት ጉልበታቸው ላይ እየተበተነ።

ሲበርድላቸው እንዲህ አሉ። «እርስዎ ይቅርታ ሊጠይቁኝ ነው የመጡት፤ ገብቶኛል። መጀመሪያ እኔን ይስሙኝ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ልጅ ሲሳሳት ‹ስህተት!› እያልኩ ስጮኽ ኖርኩ። እኔንም ያስተማሩኝ እየጮኹ ነው። እርስዎ መጡና ስሳሳት፣ ማለቴ የተሳሳትኩ ሲመስለኝ፣ ልጆቹ እንኳ በማይሰሙት ትንፋሽ ቆም ያደርጉኛል። ይህች ሴት ሰውን ሳታሳፍር ማረም ታውቃለች አልኩ። ያን ሳምንት እኔም ክፍሌ ውስጥ መጮኽ ተውኩ።»

«በትንፋሽ?»

«በእርስዎ ትንፋሽ። ቅር ካለዎት እመልሳለሁ።»

«አይመልሱ» አለች።

፲፮

ክፍላቸውን እንደገና ሄዳ አየች። ዲቪን ሰሌዳው ፊት ወጥታ ማባዛት ሲገባት በደመረች ጊዜ ሽማግሌው ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉ። ዲቪን ቆመች። ሥራዋን ከላይ እስከ ታች በጣቷ ሄደችበት። «አሃ!» አለች፤ ራሷ አጠፋችው፤ ራሷ ጻፈችው። ማዳም ኮንሶላታ በኋላ እንደነገረቻት ያቺ ልጅ ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ፊት ወጥታ አታውቅም። ‹ስህተት!› ፈርታ።

እማዋይሽ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ስታየው ሳታስበው አየር ሳበች። ክፍሉ በሙሉ ሥራውን ድጋሚ አየ።

፲፯

ለቦርዱ የተጻፈ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፣ በሪፖርቴ ላይ ትንሽ ማስተካከያ (ተሰርዟል)
የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፣ በባህል ልዩነት ምክንያት (ተሰርዟል)
የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፣ መምህር ሲልቬስትር ቆመው አያውቁም። ያቆምኳቸው እኔ ነኝ። ሪፖርቴ የተሳሳተ ነው።

ደብዳቤውን ለሽማግሌው አሳየቻቸው። አንብበው መለሱላት።

«ይህን ካነበቡ እርስዎን ያሰናብቱዎታል።»

«አውቃለሁ።»

«ልጆቹስ?»

እማዋይሽ ወደ ግቢው ዞረች። «ይተዉት» አሉ። «ያን ቀን ሳልቆም አስተምራለሁ። ያያሉ፤ ያልቃል።» እሷ ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ እተወዋለሁም አላለች፣ አልተወውምም።

፲፰

አዎ ማለትን ለመተው መመሪያ

አፍሽን ዝጊ። በአፍንጫሽ ተንፍሺ። ሰውየው ማንበብ ሲጀምሩ ጠመኔ በጥርስሽ ያዢ። ጠመኔው ከተሰበረ ሌላ ያዢ። ራስሽን ብቻ ነቅንቂ። ልክ ሲሆኑ፣ በጣም ልክ ሲሆኑ፣ ከተራራው እስከ ሐይቁ ድረስ ወንዙን ይዘው ሳይደናቀፉ ሲወርዱ፣ ደስታሽ ጉሮሮሽ ላይ ሲመጣ፣ ወደ መስኮቱ ዙሪ።

ሦስት ቀን ሞክረሽ ከንፈርሽ ነጭ ሲሆን ሽማግሌው መጽሐፉን ያጥፋሉ። «አሁን ትርጉሙን አውቄያለሁ» ይሉሻል። «እባክዎ ይተንፍሱ። ሳይሰማኝ ሲቀር ልክ መሆኔን አላውቅም።»

፲፱

የማሳያው ትምህርት።

አምስት የቦርድ አባላት ከኋላ ተደርድረዋል። ሊቀ መንበሩ ሙሲዮ ጋስፓር ጡረታ የወጡ የመድኃኒት ባለሙያ ናቸው፤ የእማዋይሽ ሪፖርት ጉልበታቸው ላይ ነው። እማዋይሽ በበሩ በኩል፣ ቦርሳዋን አቅፋ።

መምህር ሲልቬስትር የሙዝ ቅጠል ይዘው ገቡ። እያንዳንዱ ተማሪ የፈለገውን ሦስት ማዕዘን እንዲቆርጥ አዘዙ፤ በእንግሊዝኛ። ቀጭን የቆረጠ አለ፣ ሰፊ የቆረጠ አለ። አሁን ሦስቱን ጥግ ቅደዱና ጫፍ ለጫፍ አጋጥሟቸው፤ በእንግሊዝኛ። ልጆቹ ቀደዱ፤ ገጠሙ። በየዴስኩ ላይ፣ ከየትኛውም ቅጠል፣ ቀጥ ያለ መስመር ወጣ። «ለምን?» አሉ ሽማግሌው፤ በእንግሊዝኛ፣ ድምፃቸው ሳይሰበር።

አንድ ልጅ መልስ ሰጠ፤ ተሳሳተ። ሽማግሌው ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉ። ሙሲዮ ጋስፓር ደንግጠው ከወንበራቸው ተነሡ፤ ሰውየውን አስም ያዛቸው ብለው ነው። ልጁ ግን መልሱን ድጋሚ አየና አስተካከለው፤ ሊቀ መንበሩም ግራ እንደተጋቡ ተቀመጡ።

አርባ ደቂቃ። የእንግሊዝኛቸው አነጋገር ፈረንሳይኛ ፈረንሳይኛ ይሸታል፤ ይሽተት። አንዴም አልቆሙም። እማዋይሽ እንዲህ ያለ ሰው አስተማርኩ ለማለት አፈረች፤ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር አንድ ሰሌዳ መጋራቷ ግን አኮራት። ከዚህ ኮረብታ መሄድ እንደማትፈልግ ያን ጊዜ ቁልጭ ብሎ ታወቃት።

፳

ቃለ ጉባኤ
(ከማዳም ኮንሶላታ ደብተር እንዳለ የተቀዳ። እዚህ ላይ እኔ ከናንተ የበለጠ የማውቀው የለም።)

ሊቀ መንበር፦ ትምህርቱ አስደስቶኛል። ይሁንና እጄ ላይ ያለው ሪፖርት «በየሦስት ቃሉ ይቆማሉ» ይላል። ዛሬ አልቆሙም። ወይ ሪፖርቱ ተሳስቷል፣ ወይ ደግሞ በስድስት ሳምንት ውስጥ ትልቅ ሥራ ተሠርቷል። የትኛው ነው?

መምህርት እማዋይሽ፦ (ከቦርሳቸው ወረቀት አወጡ።)

መምህር ሲልቬስትር፦ ክቡር ሊቀ መንበር፣ እኔ ልናገር። እቆም ነበር፤ ልጆቹ ሁሉ ያውቃሉ። አሁን የማልቆመው በእኚህ መምህርት ምክንያት ነው። ሃያ ሰባት ዓመት አስተምሬ ካየኋቸው መምህራን ሁሉ ይበልጡብኛል። እሳቸው የሚሄዱ ከሆነ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ አሁን ስጡኝ።

ሊቀ መንበር፦ ማንም ቁልፍ አይቀበልም፣ መምህር፤ ይቀመጡ። የቦርዱ አባላት ምን ትላላችሁ?

አባላት፦ ሁለቱም ይቀጥሉ።

ሊቀ መንበር፦ ይመዝገብ። መምህርት፣ ወረቀትዎን ገና አልሰጡንም፤ የሚያስፈልግም አይመስለኝም። ለመዝገቡ ያህል ብቻ ልጠይቅዎ። ሪፖርትዎ ትክክል ነበር፤ ሰውየው ይቆሙ ነበር፤ እርስዎ አስተካከሏቸው። እንደዚያ ነው?

መምህርት እማዋይሽ፦ (          )